ግድግዳ ላይ የቀረችው ተማሪ

በትምህርት ቤቱ መግቢያ፣ ደረጃው ከሚጀምርበት ፊት ለፊት፣ የአንዲት ተማሪ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ዘርግታለች። ጣቷ የገጹ መጨረሻ ላይ አርፏል፤ ዓይኗ ግን ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ መስኮት ያያል። ሹራቧ ሰማያዊ ነው፤ ኮሌታዋ ነጭ። ልጆቹ «ቀለሜዋ» ይሏታል። ፈተና የደረሰበት ሁሉ የፍሬሟን ጠርዝ ነካ አድርጎ ነው ወደ ክፍሉ የሚወጣው። መምህራኑም ቢሆኑ ሰነፍ ተማሪ ሲገጥማቸው እጁን ይዘው እሷ ፊት ያቆሙትና «ይቺን ዓይን እያት! ትምህርት የተራበ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው» ይሉታል።

መራቧስ እውነት ነው። እንዴት እንደተራበች የሚያውቁት ግን ዛሬ በሕይወት ያሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ረስቶታል፣ ወይም የረሳ መስሏል።

ሁለተኛዋ ከትምህርት ቤቱ የኋላ በር ማዶ፣ በአንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከሥዕሉ ሥር ከሚያልፉት ልጆች ግማሾቹ የለበሱት የእሷን ስፌት ነው። ራሷ ግን በዚያ መግቢያ አታልፍም። ልጇንም የምታደርሳት በኋላ በር ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ እሷ ናትና።

አባቷ ታፔላ ጻፊ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ኮስተር ብሎ «ሰዓሊ ነኝ» ነው የሚለው። ፀጉር ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ሁሉም በራፋቸው ላይ የእሱ እጅ አለበት። ፊደሉ ከታተመ አይለይም፤ በዚህ ማንም አይከራከረውም። ችግሩ ጻፍ ያሉትን ጽፎ ዝም አለማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ሥጋ ሻጩ በሬ ሣልልኝ አለው። ሣለለት። በሬው ግን አንገቱን መለስ አድርጎ አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ ይለማመጣል። ሥጋ ሊገዛ የመጣ ሰው ታፔላውን ቀና ብሎ ያይና ወደ አትክልት መሸጫው ይታጠፋል። ሥጋ ሻጩ «ምን አደረግኩህ ጋሼ? በሬ ሣልልኝ አልኩህ እንጂ ወንድሜን ሣልልኝ አልኩህ?» ብሎ ጮኸበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ግን ደስታውን አልቻለውም፤ «አያችሁ? ዓይን መሣል እችላለሁ!» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

ይችል ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ባይችል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ልጅቷ የመጀመሪያ ደረጃን በምትጨርስበት ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የሚሰጠውን ፈተና ያለፈ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሻገራል፤ የወደቀ ቤቱ ይቀራል። እሷ የምታልፍ ልጅ ነበረች። በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ የሚላትን ሁሉ ጥያቄውን ሳታስጨርስ «አስተማሪ» ትላለች። እናቷ ለሰው ልብስ ስትሰፋ ልጅቷ የተረፈውን የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔ ይዛ በሩ ላይ ሒሳብ ታሰላለች፤ በሩ ተጽፎበት ተጽፎበት ነጭ ሆኗል።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሠራ። ሕንፃው አምሯል፤ መግቢያው ግን ባዶ፣ ጭር ያለ ነበር። ዳይሬክተሩ የበሩን ታፔላ ለማጻፍ ሰዓሊውን አስጠሩና እግረ መንገዳቸውን «እዚህ ግድግዳ ላይ የአንድ ትጉህ ተማሪ ሥዕል ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉ። እሳቸው ከአፋቸው አውጥተው ረሱት። ሰውዬው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ አለው። ሕይወቱን ሙሉ ከጎማና ከመቀስ በላይ የሚታይ ነገር ሣል ያለው ሰው አልነበረም።

«የኔኑ ልጅ ነው የምሥለው» አለ ቤት ገብቶ።

እናት መጀመሪያ ደስ አላት። አዲስ ነጭ ኮሌታ ሰፋችላት፤ የሹራቧን ክርን ጠገነችላት። ጉድ የፈላው የብርሃኑ ነገር ሲነሣ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ደህና መስኮት ያለው አንዱ ብቻ፣ እሱም ወደ ፀሐይ መውጫ። ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ወዲህ ከእኩለ ቀን በኋላ ክፍሉ ይጨልማል። ትምህርቱም በጠዋት ነው።

«ጠዋት ትምህርት አላት እኮ» አለች እናት።

«ከሰዓት ብርሃን የለማ! ጎረቤትሽ ፎቁን ሲያቆም የት ነበርሽ?»

«እሁድ እሁድ ሣላት።»

«እሁድ አንዴ ነክቼ ለሳምንት ልተወው? ሥዕል እንደ ልብስ ስፌት ጀምረው የሚያሳድሩት ነገር አይደለም እኮ። አንድ ሳምንት ብቻ ነው የምልሽ ሴትዮ! ደግሞስ ለማን ሆነና? ለራሱ ለትምህርት ቤቱ አይደል?»

ለነገሩ ዳይሬክተሩን ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸውና «ለትምህርት ቤቱ ሥራ እስከሆነ ድረስ እንደመጣች ይቆጠርላታል» አሉት። ተቆጠረላትም። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ያልቀረች ተማሪ ተብላ ስሟ በሰልፍ ላይ ሲጠራ እሷ ቤቷ ወንበር ላይ ነበረች።

ጠዋት ጠዋት እናቷ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፤ ዩኒፎርሟን ትለብሳለች፤ ቦርሳዋን ታነግታለች፤ ከዚያ በበሩ መውጣቷን ትታ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ተማሪ ሆና እንድትሣል ከተማሪነት ወጣች። የክፍሏ ልጆች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ እያንዳንዳቸውን በድምፃቸው ትለያቸዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ይጠሯት ነበር። በኋላ ተዉት።

ልጅቷ ብልህ ናትና አንድ ዘዴ አሰበች። መጽሐፍ ይዘሽ ተቀመጪ ከተባልኩ ለምን እያነበብኩ አልቀመጥም አለች። የንባብ መጽሐፏን ዘርግታ ሁለት ገጽ አንብባ ሦስተኛውን ገለጥ ስታደርግ አባቷ ትኩስ ውሃ እንደፈሰሰበት ሰው ጮኸ።

«ጥላው! ጥላውን አበላሸሽው!»

በማግስቱ ደግሞ ነፋስ በመስኮት ገብቶ ገጹን ገለበጠው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ ስትመጣ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ያንኑ ሁለት ገጽ ብቻ ትቶ ሌላውን ቅጠል በሙሉ፣ ከፊት የነበረውንም ከኋላ የነበረውንም፣ በሙጫ አጣብቆታል። ተንኮል አልነበረበትም። ሸራ ሲንቀሳቀስበት በሚስማር፣ ወረቀት ሲንቀሳቀስበት በሙጫ ማስያዝ የለመደ እጅ ነው፤ የያዘው የልጁ የፈተና መጽሐፍ መሆኑ ትዝም አላለው።

እናት አይታ ክው አለች። «ምን አባትህ ነው ያደረግከው?»

«መጽሐፍ እንደሆነ ይተካል። ጥላ ግን አይተካም።»

መጽሐፉ አልተተካም። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ መጽሐፉን ከእጁ አውጥቶ የሚያውስ ልጅ የለም።

ያልተጣበቁት ሁለት ገጾች የያዙት የሦስት ወንድማማቾችን ታሪክ ነው። አያታቸው ሲሞት የተቆለፈ ሳጥን ይተውላቸዋል። በሳጥኑ ይጣላሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ በስተመጨረሻ ደክሟቸው አብረው ሊከፍቱት ይስማማሉ። ከዚያ የገጹ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ታላቅየው ቁልፉን አዙሮ ክዳኑን ብድግ ሲያደርገው በውስጡ የተገኘው»። የተገኘው ነገር ያለው ከገጹ ጀርባ ነው። ጀርባው ሙጫ ውስጥ ነው።

«አባዬ፣ እሷን አንዷን ገጽ ብቻ ልየው?»

«ሥዕሉ ይለቅ፤ እኔ ራሴ አላቅቅልሻለሁ። ጣትሽን እዚያው ላይ አድርጊ። እንዳትነቃነቂ።»

አንድ ሳምንት የተባለው ወር ሆነ፤ ወሩም ወለደ። ኮሌታውን ሠራ፣ ሹራቡን ሠራ፣ መጽሐፉን ሠራ። ታፔላ ጻፊ ነውና ፊደል አስመስሎ መጫር አይሆንለትም፤ የሁለቱን ገጽ ቃል በቀጭን ብሩሽ ቃል በቃል ጻፈው፣ ያውም በእሷ በኩል ስለሚነበብ ገልብጦ። ዓይኗ ላይ ሲደርስ ግን እጁ እንቢ አለው። ይሠራዋል፣ በቢላ ይፍቀዋል፣ ደግሞ ይሠራዋል። «እንቅልፋም ዓይን ነው ያመጣሽብኝ» ይላታል። ያንኑ ገጽ ሲያዩ መዋል እንቅልፍ እንደሚያመጣ አልገባውም።

አንድ ቀን እናት መረራት። ብሩሹ ከቀለሙ ጋር ሳይገናኝ በጠዋት ተነሥታ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ሰውዬው ደጃፍ ላይ ደረሰባቸው፤ ቀለም በነካው እጁ የሚስቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ ተንበረከከ።

«በሕይወቴ አንዴ ነው» አለ። «አንዴ እንኳ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ነገር ልሥራ። ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቃችሁም።» አለቀሰ ደግሞ። ጎረቤት እያየ።

አባቷ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ያየች ልጅ ምን ታድርግ? እጇን ከእናቷ እጅ አስለቅቃ ራሷ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣችም።

ዓይኑ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለምና ነፋሱ ሲመች ደወሉ ይሰማል። አንድ ጠዋት ደወሉ ተደወለ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ከመምህሯ ጋር በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ተሰማ። ምን እንደሚሉ አይለይም፤ አዲስ ትምህርት መሆኑ ግን ይታወቃል፤ የምታውቀው ቢሆን ኖሮ በዜማው ትለየው ነበር። ዓይኗ ሳታስበው ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። 

«እሱን!» ብሎ አባቷ በሹክሹክታ ጮኸ። «እሱን ዓይን ያዥው! እንዳትነቀንቂው ልጄ፣ በናትሽ እንዳትነቀንቂው!»

ያዘችው። በማግስቱም፣ በማግስቱም ያዘችው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ለማንሣት መልፋት አላስፈለጋትም።

ሥዕሉ ፈተናው ሊደርስ ሲል ተሰቀለ። እንግዶች መጡ፤ አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ከሥዕሉ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ ነው የትምህርት ጥማት ማለት» አሉ። አባቷ ያን ቀን ከመሬት ከፍ ብሎ ነበር የሚሄደው። ቤት ሲመለሱ እናትና ልጅ መጽሐፉን በውሃ እንፋሎት ሊያላቅቁት ሞከሩ። ገጹ ሲላቀቅ የአንዱ ፊደል ሌላው ላይ ተለጥፎ ወጣ፤ የሚነበብ ነገር አልቀረም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መጽሐፉ በሌላ ተለወጠ።

ለፈተና ተቀመጠች። በሒሳቡ እሷ በቀረችበት ጊዜ ከተሰጠው ትምህርት የመጣው ጥያቄ ብዙ ነበር፤ ስልቱን ስታየው አዲስ አገር የገባች መሰላት። በንባቡ የመጣው ጥያቄ ደግሞ «በሦስቱ ወንድማማቾች ታሪክ ሳጥኑ ሲከፈት ምን ተገኘ? ከዚህስ ምን እንማራለን?» የሚል ነው። ልጅቷ ብዕሯን አንሥታ ሁለቱን ገጽ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ነጥብ ሳታስቀር በቃሏ ጻፈችው። «በውስጡ የተገኘው» ስትል ቆመች። ወረቀቱን እንደዚያው አስረከበች።

ወደቀች።

እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ ወገቧን አሠረች። ያን ጊዜ ክፍል ለመድገም የዳይሬክተሩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። «አሁኑኑ ሂድና እግራቸው ላይ ወድቀህ ለምናቸው» አለችው ባሏን። «ለብሩሽህ መንበርከክ አላቃተህም።»

ሄደ። አርፍዶ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «እሺ አሉኝ!» አለ ከበር ሳይገባ።

እናት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ተመስገን! መቼ ትጀምር አሉ?»

«ማን? አይ… ሥዕሉን ነው እኮ። የተሰቀለበት ቦታ ጥላ ያጠላበታል፤ ፊት ለፊት ይዞርልኝ ብዬ እሺ አሉኝ።»

«የልጅቷስ ነገር?»

«የሷን… ሰው በዝቶባቸው ነበር። ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ።»

ሌላ ቀን አልመጣም። ክፍሉ ሞላ ተባለ፤ ከዚያ ዕድሜዋ አለፈ ተባለ። ያለፉትን የክፍሏን ልጆች የሳጥኑን ነገር ጠይቃ ማወቅ ትችል ነበር፤ እነሱን ስታይ ግን መንገድ ቀይራ ታልፍ ነበር። እናቷም ዓይኗ እየደከመ ክር በመርፌ ማስገባት አቃታት። ልጅቷ መጀመሪያ ክር አስገቢ ሆነች፤ ቀጥሎ ቁልፍ ተካይ፤ ቀጥሎ እናቷ አልጋ ስትይዝ የስፌት መኪናው ላይ ራሷ ተቀመጠች። እናቷ ስትሞት መኪናው የእሷ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የብዙ ሰው ኑሮ ነው። ሰፋች፣ አደገች፣ የከባድ መኪና ሾፌር አገባች። ጨዋ ሰው ነው፤ ቤት የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው። ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ እናቷ በአፍንጫዋ ሥር ያለውን ትምህርት ቤት ትታ ሩቅ ቦታ ታመላልሳት ነበር። ባሏ «ምን ነካሽ?» ሲላት «እዚያኛው ይሻላል» ብላ ታልፈዋለች። ዘንድሮ ግን ጉልበቷም ጊዜዋም አልበቃ ብሏት አዛወረቻት። ሥዕሉ ላይ ያለችው እኔ ነኝ ብላ ልትነግራት አስባ ነበር። ልጅቷ ቀደመቻት፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ስትገባ እየዘለለች ነበር።

«እማዬ! ቀለሜዋን አያቴ ነው የሣላት አሉ! ልጁ ናት አሉ! አሁን ውጭ አገር ትልቅ ሐኪም ናት አሉ! አክስቴ ናት ማለት ነው?»

እናቷ የምትሰፋውን ጨርቅ አይታ አይታ «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለች።

«ሁሉም ሰው! አያቴ ነው የነገራቸው። እማዬ፣ ደግሞ መጽሐፏ ላይ ያለውን አንብበሽዋል? ጭንቅላትሽን ዘቅዝቀሽ ነው የሚነበበው። መጨረሻው ግን የለም። ልጆች ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ ወርቅ ነው ይላል፣ አንዱ አይጥ ነው ይላል። የምታውቀው ቀለሜዋ ብቻ ናት።»

አባቷ በሳምንቱ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ከዚያ ሥዕል በኋላ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልሣለም፤ ተመልሶ ጎማና መቀስ ሲሥል ኖሮ ዓይኑ በሞራ ሲሸፈን ብሩሹን ሰቀለ። በዱላው ደፉን ዳስሶ ገባና ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ቀን ሊያከብር ነው» አለ። «እኔንም በክብር ጠርተውኛል። ዓይኔን እንደምታውቂው ነው፤ ደግፈሽ ትወስጂኛለሽ።»

«እሺ አባዬ።»

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንድ ነገር አለ ግን። ሰዎቹ ከጠየቁሽ ታናሽ እህቷ ነኝ በያቸው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «የማን ታናሽ?»

«የሷ ነዋ። የሥዕሏ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌው ሥር ያለውን ኮሌታ ቀስ ብላ አወጣችው። እንዲህ ያለውን ነገር ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጠይቀኛል ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም። «ለመሆኑ የት አገር ናት?» አለች።

«ውጭ ነው ያልኳቸው። አገሩን አልጠቀስኩም።»

«የምን ሐኪም ናት?»

ሽማግሌው ትንሽ አመነታ። «የዓይን።»

«ታዲያ መጥታ አንተን አታክምህም?»

«አትሳለቂብኝ ልጄ። ምን ልበል? ሥዕሉን ያየ ሁሉ ያቺ ልጅ የት ደረሰች ነው የሚለው። መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ እንግዳ ነበር፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ መልሼ ልዋጠው? ልብስ ሰፊ ሆነች ብዬ ብነግራቸው ሥዕሉን ማን መለስ ብሎ ያየዋል?»

«እኔንስ? እኔን ማን ያየኛል አባዬ?»

 በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጨርቁን በጣቱ እየዳበሰ «ይሄ የየትኛው ክፍል ነው? ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ቆረጠች። እወስደዋለሁ፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እኔ ነኝ እላለሁ፤ እሱም አዎ ይላል። ሰው ፊት አላውቃትም ማለት አይችልም፤ ምንም ቢሆን አባት ነው። ከዚህ ሌላ ከእሱ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ለራሷ አዲስ ቀሚስ ሰፋች፤ ለዓመታት ለራሷ ሰፍታ አታውቅም።

በበዓሉ ቀን በፊተኛው በር ገቡ። መግቢያው እንደ አዳራሽ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ባለ ቀለም ወረቀት በየደረጃው ተንጠልጥሏል፤ ተማሪዎቹ በየክፍላቸው ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል፤ ልጇም ከላይ ሆና እጇን ታውለበልባለች። ሰፊዋ ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው። ቆንጆ ሥዕል ነው። ክፉ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ትጠላው ነበር፤ ይሄ ግን እሷው ናት፤ ኮሌታው የእናቷ ስፌት ነው፤ ያ ዓይን ዛሬም ደወሉን እየሰማ ነው። 

አዲሷ ዳይሬክተር ወጣት ናት፤ ንግግሯ ይጣፍጣል። «ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከማንም ቀድማ ትመጣ ነበር አሉ። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም! ዛሬ በሠለጠነ አገር የሰው ዓይን ታበራለች። የሣሏት አባቷም ይኸው እዚህ አሉ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ግራና ቀኝ እጅ ነሣ። «ታናሽ እህቷም አብረዋቸው መጥተዋል። እስቲ ስለ እህትዎ አንድ ነገር ይበሉን!»

ሰፊዋ ተነሣች። 

«ሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዳይሬክተሯ ፈገግ አለች። «እውነትም ትመሳሰላላችሁ!» ሰው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«መመሳሰል አይደለም። እኔው ነኝ። እህት የለኝም። ሐኪምም አይደለሁም። በኋላ በር በኩል ያለው ስፌት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ይሄ ሥዕል ሲሣል ትምህርት ቤት አልነበርኩም፤ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴን ጠይቁት።»

 ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሱ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ያልጠራ ዓይኑን ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ አደረገ። አዎ ቢል በቂ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ ሊለው ነው ብላ አመነች፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ቅጽበት ስታስብ ሊለው ነበር ትላለች።

«ታናሿ እንግዲህ…» አለ ሽማግሌው፤ ሳቅ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከልጅነቷ ጀምሮ በእህቷ ትቀናለች።»

ሰዉ ትንፋሹን መልሶ አጨበጨበ። ዳይሬክተሯም ደንግጣ ነበርና ቶሎ ብላ መዝሙር አስጀመረች። ሰፊዋ ተቀመጠች። አባቷ እጇን ፈልጎ ሊይዝ ዳሰሰ፤ አልሰጠችውም። ሲያበቃ መምህራኑ ሽማግሌውን ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ግብዣው ወሰዱት፤ እሷ ልጇን ይዛ በፊተኛው በር ወጣች።

እናትና ልጅ አጥሩን ዞረው ሄዱ። ስፌት ቤቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ልጅቷ ቆመች።

«እማዬ፣ እውነት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ ማይልኝ!»

«እናቴ ትሙት ብዬ አልምልልሽም፤ ሞታለች። እኔ ነኝ ልጄ።»

ልጅቷ እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ማመን ፈልጋለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ጥቂት አሰበችና ዓይኗ በራ።

«እሺ፣ አንቺ ከሆንሽ ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበረ?»

ወርቅ ብትላት ታምናት ነበር። አይጥ ብትላትም ታምናት ነበር፤ ነገ ትምህርት ቤት ሮጣ ሄዳ እናቴ ናት ብላ ትናገርላት ነበር። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ተጨማሪ ውሸት የምትሸከምበት አቅም አልነበራትም።

«አላውቅም» አለች።

ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ ከእናቷ እጅ አወጣች።

«እንግዲያማ አንቺ አይደለሽም» አለች፤ ክፋት አልነበራትም፣ አዝናላት ነው። «ቀለሜዋ ታውቀዋለች።»